«እኔ ፈጠራ የለኝም» ላለችኝ ተማሪ ምን ልመልስላት?

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ በያሉበት ይድረስዎ። በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ወላጆቼ እዚያው ስላሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየወጣሁ እሑድ ማታ እመለሳለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ሲሆን የሳይንስ ክበቡን ከተረከብኩ ግን ገና ሁለተኛዬ ነው።

ባለፈው ግንቦት ትምህርት ቤታችን «የሳይንስና የፈጠራ ሥራ አውደ ርዕይ» አዘጋጅቶ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ለፋሁ። ጠዋት ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያ አስነገርኩ፤ በየክፍሉ በር ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ ከደመወዜ ካርቶንና ማርከር ገዛሁ። ከአንድ ሺህ ከሚበልጡት ተማሪዎቻችን ሥራ ይዘው የቀረቡት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ከዘጠኙ ስምንቱ ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም ከክፍላቸው ደረጃ የሚይዙ ናቸው። አንደኛ የወጣው በባትሪ የሚንቀሳቀስ የክሬን ሞዴል ነው። ልጁ አሠራሩን ሲጠየቅ ማስረዳት አልቻለም፤ በኋላ እንደሰማሁት አባቱ ለአንድ ብየዳ ቤት ከፍለው ያሠሩለት ነበር። ሽልማቱ ሲሰጠው እንደ ሰው አጨበጨብኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ።

ከሁሉ በላይ ከሐሳቤ ያልወጣችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። የዕረፍት ሰዓቱን ሙሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተዘዋወረች ስታይ አግኝቻት «አንቺስ ለምን አልተሳተፍሽም?» አልኳት። አንገቷን ደፋ አድርጋ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ፈጠራ የለኝም» አለችኝ። የምመልስላት ጠፍቶኝ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ አለፍኩ።

ዘንድሮ ርዕሰ መምህሩ ተሳትፎውን ግዴታ አድርገን ከተከታታይ ምዘናው 10 ነጥብ እንስጥበት ይላሉ። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ደግሞ «ባክሽ አትድከሚ፤ የዛሬ ልጅ ከስልኩ ሌላ የሚያጓጓው ነገር የለም» ይሉኛል። ቤተ ሙከራችን በ2014ቱ ጦርነት ከተዘረፈ ወዲህ ተሟልቶ አያውቅም። በነጥብ ላስገድዳቸው? ወይስ ክበቡን ለሌላ ሰው አስረክቤ በማስተማሬ ብቻ ልወሰን? ልጆቹን ከልባቸው የሚያነሣሣ መንገድ ካለስ ከየት ልጀምር?

መምህርቷ ነኝ፤ ከኮምቦልቻ

መልስ

ውድ መምህርት፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የያዘኝ የዘጠኙ ተማሪዎች ቁጥር ነበር፤ በሁለተኛው ግን አጨብጭበው ቤትዎ ከገቡ በኋላ ያለቀሱት ለቅሶ ነው። ልብ ያልገባበት ሥራ እንዲህ አያስለቅስም። ስለዚህ ክበቡን ልተው ወይስ ልቀጥል የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን እንድናደርገው እለምንዎታለሁ፤ ያ ቀን ያሳደረብዎት ድካም በእርስዎ ፋንታ እንዳይወስን እሰጋለሁና። ዓመቱ ሲያልቅ አሁንም መተው ከፈለጉ ያለ ወቀሳ መተው ይችላሉ፤ ከደመወዟ ካርቶን የገዛች መምህርት ለማንም ዕዳ የለባትም።

እስቲ ወደዚያች የአሥረኛ ክፍል ልጅ እንመለስ፤ የጠየቁኝ ነገር ሁሉ መልስ እርሷ ዘንድ ያለ ይመስለኛል። «እኔ እኮ ፈጠራ የለኝም» ስትል ሰበብ እየፈለገች አልነበረም፤ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ቃል አንብባ በቅንነት የሰጠችው መልስ ነው። ፈጠራ የሚለው ቃል በአንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ አስበውት ያውቃሉ? በቋንቋችን ፈጣሪ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ሰማይንና ምድርን የፈጠረ አምላክ ነው፤ እናቷ ቡና አፍልተው ዱዓ ሲያደርጉም ሆነ አያቷ ማለዳ ሲጸልዩ ቃሉን የሰማችው በዚሁ ትርጉሙ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል ደግሞ ፈጠራ ማለት ከልብ የወጣ፣ እውነትነት የሌለው ወሬ ነው። በቴሌቪዥን «ወጣት የፈጠራ ባለቤት» ተብለው የሚቀርቡት ደግሞ ድሮን ያበረሩ ወይም መኪና የገጣጠሙ ልጆች ናቸው። በእነዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ታዳጊ ወጣት «ይህስ ለእኔ ነው» ብላ የምትቆምበት ቦታ የቱ ጋ ነው? በሩን ከልክ በላይ ከፍ አድርገን ሠርተን፣ ልጆቹ ዘልለው ስላልገቡ ጉጉት የላቸውም ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

ጉጉቱማ እንዳለ እርስዎ ራስዎ ጽፈውልኛል። ዕረፍቷን ሙሉ ቆማ አይታለች። እስቲ ያን ቀን በዓይነ ሕሊናዎ ይመልሱትና ይቁጠሩልኝ፤ እንደ እርሷ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞሩ የነበሩ፣ ነገር ግን ስማቸው በማንም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ልጆች ስንት ነበሩ? የዘንድሮው አውደ ርዕይ የእነዚያ ልጆች ነው። ዘጠኙ ሳይጠሩም ይመጣሉ።

እኔ የምመክርዎ ከማስታወቂያው ላይ «ፈጠራ» የሚለውን ቃል እንዲያነሱትና ተማሪዎቹን ያለቀለት ዕቃ ሳይሆን አንድ ያልገባቸውን ነገር እንዲያመጡ እንዲጠይቋቸው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው። ያልገባው ነገር የሌለው ልጅ የለም፤ ደረጃ የሚይዘውም የማይዘውም፣ አባቱ ብየዳ ቤት የሚከፍሉለትም እናቱ ጉልት የሚቸረችሩለትም በዚህ እኩል ናቸው።

ጥያቄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላቸው የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ይንገሯቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ውስጥ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብለው ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው፣ ከዚያ በላይ ያሉት ግን በሕይወት እንዳሉ አስተዋሉ። ወዲያውኑ በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። በ1989 እ.ኤ.አ. ለእርሳቸውና ለባልደረባቸው ለለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘው የረዥም ዘመን ምርምር የተጀመረው ወንዝ ዳር፣ በአንድ ዕቃ ውኃ ነው። እንዶድን እርሳቸው አልፈጠሩትም፤ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነው። የእርሳቸው ድርሻ ከላይና ከታች ያለውን አነጻጽረው «ለምን?» ማለታቸው ነበር። ለዚያች ልጅ መልስ ሲያጡ የነበሩት ይህ ታሪክ በእጅዎ ስላልነበረ ይሆናልና፣ አሁን ይንገሯት።

ቤተ ሙከራ ሳይኖር ምን ይሠራል የሚለው ሥጋትዎ እውነተኛ ነው፤ የጠፋውንም ዕቃ የሚተካው ማጽናኛ አይደለም፤ መተካት ያለበት ነው። እስከዚያው ግን እርስዎ በየሳምንቱ የሚመላለሱበት መንገድ ራሱ ቤተ ሙከራ መሆኑን ላሳይዎ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። የሐረጎን ዳገት ይዘው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣሉ ማለት ነው። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የውኃ መፍያ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ የተማሪዎቹ መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ሲል ኮምቦልቻ ላይ ግን በ94 አካባቢ፣ ደሴ ላይ ደግሞ በ92 አካባቢ ይፈላል። አንድ ተማሪ በቴርሞሜትር ለክቶ 94 ሲያገኝ የሚሰማውን ያስቡት። መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው፤ ቀጥሎ ቴርሞሜትሩን፤ ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉን ገልጦ «ይህ 100 የት ላይ የተለካ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው። መጽሐፉ ስለ ባሕር ወለል የሚናገር መሆኑን፣ እርሱ ግን የወሎ ተራራ ላይ መቆሙን በገዛ እጁ ለክቶ ሲደርስበት፣ የአየር ግፊት የሚባለው ነገር ከፈተና ጥያቄነት ወጥቶ የሰፈሩ ጉዳይ ይሆንበታል።

ይህንኑ ወደ ባቄላ ይውሰዱት። ደሴ ላይ ንፍሮ የሚፈጀው ጊዜ ኮምቦልቻ ከሚፈጀው ይበልጣል? ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ ደሴ ዘመድ ያለው ሆኖ፣ ከአንድ ጆንያ የተሰፈረ ባቄላ እኩል ይመዝኑ፤ እኩል ሰዓት ይዘፍዝፉ፤ አንድ ዓይነት ድስት፣ እኩል ውኃ፣ አንድ ዓይነት ምድጃ ይጠቀሙ። ከፈላበት ደቂቃ ጀምሮ በየ10 ደቂቃው 10 ፍሬ እያወጡ በሁለት ጣት ይጫኑ፤ ዐሥሩም ሲልሙ በሰለ ብለው ሰዓቱን ይጻፉ። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። እዚህ ላይ እርስዎ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጣል ያድርጉና ዝም ይበሉ፦ «የደሴ ውኃና የኮምቦልቻ ውኃ አንድ ነው ወይ?» ውኃው በውስጡ ያለው ማዕድን ቢለያይ ባቄላው የሚበስልበትን ጊዜ ሊለውጠው ይችላል፤ ስለዚህ በከፍታው ምክንያት ነው ለማለት ከአንድ ቧንቧ የተቀዳ ውኃ በጀሪካን ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ደርሰውበት ጀሪካን ተሸክመው ሚኒባስ የተሳፈሩ ዕለት፣ ሳይንስ ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግዎትም። እግረ መንገዳቸውንም ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ቶሎ እንዲተን ያደርገዋል እንጂ ከመፍያው በላይ እንደማያሞቀው ለእናቶቻቸው ነግረው ከሰል ሊያስቆጥቡ ይችላሉ። (አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር በፈላ ውኃ ይሰበራልና ለዚህ አይሆንም። የቤተ ሙከራው ዓይነት ከሌላችሁ ወደ በኋላ የምነግርዎትን ይመልከቱ።)

እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቤቱ ሞልቷል። ሊጥ በሦስት ሳህን ከፍሎ አንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ አራት ማንኪያ እርሾ ጨምሮ፣ ከጋገሩ በኋላ የሻይ ብርጭቆ አፍ እንጀራው ላይ ደፍቶ በክቡ ውስጥ ያሉትን ዓይኖች መቁጠር ይቻላል። እርሾ ለምን ዓይን እንደሚያወጣ መጽሐፍ ይነግራል፤ ስንት ማንኪያ ስንት ዓይን እንደሚያወጣ ግን ጋግሮ ከመቁጠር በቀር መንገድ የለም። ይህን ስል ሴት ተማሪዎች ስለ ማጀት ብቻ ይጠይቁ ማለቴ አይደለም፤ ሊጡን ወንዱ ያቡካ፣ የአባቷ ባጃጅ ጎማ ንፋሱ ሲጎድል ነዳጅ ይበላ እንደሆነ ደግሞ እርሷ ትለካ። ባቲና አምባሰል ተብለው በእኛው ሥፍራዎች ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ባሉበት አገር ደግሞ መሲንቆ የሚገዘግዝ ተማሪ አይጠፋም። የመሲንቆው ጭራ እኩሌታው ላይ በጣት ሲያዝ የድምፁ ድግግሞሽ እጥፍ ይሆናል። ይህንን በስልክ ላይ በነጻ በሚጫን የድምፅ መለኪያ በቁጥር ማየት ይቻላል። አንጋፋው ባልደረባዎ የዛሬ ልጅ ከስልኩ ሌላ አያጓጓውም ብለዋልና፣ ስልኩን ራሱን መለኪያ ያድርጉት።

ስለ እኒህ ባልደረባዎ አንድ ነገር ልበል። «አትድከሚ» ያሉዎት ጠልተውዎት አይመስለኝም። ለዓመታት ያደራጁትን ቤተ ሙከራ ባዶውን ያዩ ሰው ከሆኑ፣ ቃላቸው ከሐዘን የመጣ ሊሆን ይችላል። ሊከራከሯቸው አይሞክሩ። ይልቅ አንድ ቀን ሻይ ይጋብዟቸውና ተማሪ ሳሉ ግራ ይገባቸው የነበረውን ነገር ይጠይቋቸው። የጥያቄዎች መራጭ ሆነው ቢቀመጡ እኔ አልደነቅም።

አሁን ወደ ነጥቡ ልምጣ። የርዕሰ መምህሩን ሐሳብ በቀላሉ አልጥለውም። ነጥብ ቢሰጥ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሪፖርት ላይ የሚጻፍ ነገር ይገኛል፤ ፈርቶ የቀረ ልጅም ተገድዶ ገብቶ ሊወደው ይችላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን 10 ነጥብ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሺህ ልጅ ላይ ሲንጠለጠል የመጀመሪያው ተጠቃሚ ያ ብየዳ ቤት ነው። ገንዘብ ያለው ያስገዛል፤ የሌለው ከጓደኛው ይገለብጣል፤ ቤቷ ገብታ ውኃ የምትቀዳውና ታናናሾቿን የምትጠብቀው ልጅ ደግሞ በማታውቀው ነገር ነጥብ ታጣለች። እርስዎም አንድ ሺህ ሥራ በወጉ ሊያዩ አይችሉም። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን «አይሆንም» ከማለት ሌላ ነገር ይዘው እንዲቀርቡ እመክራለሁ፦ በአውደ ርዕዩ የተሳተፈ ተማሪ ሥራው በዚያው የትምህርት ዓይነት ከሚሰጠው አንድ የቤት ሥራ ፋንታ ይያዝለት፤ ያልተሳተፈ ምንም አይቀነስበት። ልጁ መርጦ የሚገባበት በር ይኖረዋል፤ ርዕሰ መምህሩም ምዘናውን ከተሳትፎው ጋር ማያያዛቸው አይቀርም። ይህን ሲነግሯቸው ሌላም ነገር ይጠይቋቸው። በከተማችሁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። በትምህርት ቤቱ ማኅተም የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ለጥቂት ቀናት ቴርሞሜትርና ሚዛን በውሰት ለመጠየቅ፣ ፈቃደኛ የሆኑ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችም መጥተው ልጆቹን እንዲያግዙ ለመጋበዝ ይበቃል። ደብዳቤው ከርዕሰ መምህሩ ሲወጣ ሥራው የእርሳቸውም ይሆናል፤ እስካሁን የጎደለዎት አንዱ ነገር ብቻዎን አለመሆንዎን ማየት ይመስለኛል።

ስለ ዋጋና ስለ ዳኝነት አጥብቄ የምነግርዎት አለኝ፤ ያስለቀሰዎት እዚያ ላይ ነውና። ማስታወቂያው ላይ ለአንድ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ከተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ ከ200 ብር እንዳይበልጥ በግልጽ ይጻፉ፤ ከቤት የተገኘ ዕቃ በዋጋ አይቆጠርም። ከዚያ እያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ደብተር ይያዝ፤ ጥያቄው፣ የገመተው መልስ፣ የለካው ቁጥር፣ የተበላሸበት ቀን ሁሉ በገዛ እጁ ጽሑፍ ይስፈርበት። ከ100 ነጥብ ግማሹን ለደብተሩ ይስጡ። ሩቡን ደግሞ ዳኛው «ይህን በምን አወቅህ?» ብሎ ሲጠይቅ ለሚሰጠው መልስ ያድርጉት፤ «አላውቅም፤ ግን እንዲህ ብዬ ልሞክረው እችላለሁ» የሚል መልስ ሙሉ ነጥብ ያግኝ። ግምቱ የተሳሳተበት ልጅ ስለ ተሳሳተ ነጥብ እንዳይቀነስበት ለዳኞቹ አስቀድመው ይንገሯቸው። በዚህ ሚዛን ብየዳ ቤት የተሠራ ክሬን አንደኛ መውጣት አይችልም፤ ማንንም መክሰስ ሳያስፈልግዎት።

ያንን ልጅም አይርሱት፤ ጥፋቱ የእርሱ አይመስለኝም። ያልገባውን ነገር ይዞ በሕዝብ ፊት መቆም ለልጅ ከባድ ነው፤ የሽልማቱም ደስታ ምን ያህል እንደ ዘለቀለት እንጃ። ዘንድሮ ብቻውን ጠርተው ክሬኑን እንዲፈታው ይጠይቁት። ዘንጉ ሲረዝም የሚያነሣው ክብደት በስንት እንደሚቀንስ ለክቶ ይዞ ቢመጣ፣ ያ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የእርሱ ይሆናል።

ቋንቋውን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በተማርኩበት ትምህርት ቤት በአንድ የሳይንስ ቀን ስለ ውኃ ማጣሪያ የሚያስረዳ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ በቃሌ ሸምድጄ በጠርሙስ ከደረደርኩት አሸዋና ከሰል አጠገብ ቆሜ ነበር። አንድ እንግዳ ጎንበስ ብለው በአማርኛ «ከሰሉን ብታወጪውስ?» አሉኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ አውጥቼ ላሳያቸው እችል ነበር። እኔ ግን የሸመደድኩት ገጽ ውስጥ ስላልነበረ ዝም አልኩ፤ እርሳቸውም አለፉ። ከዚያ በኋላ በሌላ የሳይንስ ቀን አልተሳተፍኩም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ የሚያስረዱት ግን በአማርኛ፣ የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ የሆነውም ለቤተሰቡ በኦሮምኛ ቢሆን ምን ይጎድላል? ቃላቱን በእንግሊዝኛ ደብተራቸው ላይ ይጻፉ፤ አፋቸውን ግን አይሰሩባቸው። ብዙዎቹ የቀሩት ሳይንሱን ፈርተው ሳይሆን ይሳቅብኛል ብለው እንደሆነ እጠረጥራለሁ። እርስዎ ቀስ ብለው ቢጠይቋቸው ይነግሩዎታል።

ጊዜውን በተመለከተ ዝግጅቱን ከአሁኑ ከኅዳር ቢጀምሩት ሚያዝያ ላይ ሳይጣደፉ ይደርሳሉ፤ ግንቦት ፈተና የሚያይልበት ወር ነው። የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ስለ ውድድርም ስለ ሽልማትም ምንም አይናገሩ። በሚኒ ሚዲያው ማስታወቂያ ማስነገሩን ይተዉና በየማለዳው ከተማሪዎች የመጡ ሦስት ጥያቄዎችን ብቻ፣ የጠያቂው ስም ሳይጠራ፣ በክፍሉ ብቻ ያስነብቡ፦ «ከ9ኛ ለ፦ ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ ጣሪያ ለምን ይንጣጣል?» ያችን ጥያቄ የጻፈው ልጅ ሰልፉ ላይ ቆሞ ሲሰማት ልቡ ምን እንደሚል እርስዎ ያውቁታል። አጠገቡ የቆመውም ማታ ቤቱ ሲገባ የሚጽፈውን ያስባል። ከዚያ ከመጡት ጥያቄዎች መካከል ሊለኩ የሚችሉትን መርጠው፣ ጠያቂዎቹን ሦስት ሦስት አድርገው ያቧድኗቸው፤ አንድ ቡድን ውስጥ ሴት ልጅ ብቻዋን እንዳትሆን ቢያስቡበት መልካም ነው። ሥራው በተቻለ መጠን በትምህርት ቤት ግቢ በክበብ ሰዓት የሚሠራ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚጠብቃቸው ብዙዎች ናቸውና። ከመብራት መስመር፣ ከአሲድና ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የሚነካካውን ሁሉ በጥንቃቄ ያርቁት፤ ለኤሌክትሪክ ሙከራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይበቃል።

ቀኑን ሲመርጡ ዓርብ እንዳይሆን፤ የጁምዓ ሰዓት ዝግጅቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አባቶችም አይመጡም። ወላጆችን ግን በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል በግድ ይጥሩ። እናት ባቄላዋ ደሴ ላይ ለምን እንደ ዘገየ ከገዛ ልጇ አፍ ስትሰማ፣ በሚመጣው ዓመት ልጅቷን «ምን ያስመሽሻል?» አትላትም።

ብዛቱን በተመለከተ ከ9 ተነሥታችሁ ዘንድሮ 40 ብትደርሱ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ሺህ አይጠብቁ። ከአርባዎቹ ስንቱ ደረጃ የማይዙ፣ ስንቱ ሴቶች እንደሆኑ ግን ይመዝግቡ፤ ለእኔም ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ለመነሻ ግን ሰኞ ስለ አውደ ርዕዩ ምንም አያውጁ። የፊታችን ቅዳሜ ወደ ደሴ ሲወጡ ቴርሞሜትር ካገኙ ይያዙ፤ ካላገኙም አንድ ጀሪካን የኮምቦልቻ ውኃና ሁለት ጣሳ ባቄላ ይበቃል። አንዱን ጣሳ ዓርብ ማታ ቤትዎ፣ ሁለተኛውን ቅዳሜ በእናትዎ ድስት ቀቅለው ሰዓቱን ይጻፉት። የሁለቱ ድስት ልዩነት ሙከራውን ያበላሸዋል፤ ግድ የለም፣ እንዲያውም እንዲበላሽ ነው የምፈልገው። ሰኞ ያችን ልጅ በዕረፍት ሰዓት ፈልገው ደብተርዎን ያሳይዋትና «የት ላይ የተሳሳትኩ ይመስልሻል?» ብለው ይጠይቋት።